የደነዘዘ አፍ

ያሰሩኝ በእድር ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከደጃፌ ወሰዱኝ። ልጆቼ በመስኮት ያዩ ስለነበር አንገቴን ሳልደፋ ሄድኩ።

ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ከጀርባው ባለ አሮጌ የዱቄት መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቅንድባቸው የነጣ ሰዎችን ነው። ግድግዳው ላይ ለዓመታት የተጋገረው ዱቄት በተነካ ቁጥር ይረግፋል፤ ወጣቱም ሽማግሌውም አንድ መልክ ሆነዋል። ከላይ ባለችው ቀዳዳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ከውጭ የሚመጣ ሌላ ነገር አልነበረም።

የክፍሉ ካቦ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት ጡረተኛ ወታደር ነው። ደንቡን እሱ ነገረኝ።

«ለጥያቄ የሚጠራ ባዶ እጁን ይወጣል፣ ይመለሳል። ‹ዕቃህን ይዘህ ውጣ› የተባለ ግን አይመለስም። ወይ ይፈታል፣ ወይ ወደማናውቀው ቦታ ይወስዱታል። አንድ ሰው ብቻ ዕቃውን ይዞ ወጥቶ በዚያው ቀን ተመለሰ። ጆሮ ነበር።»

ጆሮ የሚሉት የእስረኛውን ወሬ ለመርማሪ የሚያደርሰውን ነው።

«ምን አደረጋችሁት?» አልኩት።

«ምንም። አላናገርነውም።»

ሰውዬው አሁን የት እንዳለ አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳልቆይ መንጋጋ ጥርሴ መግል ቋጠረ፤ ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ደፈነው። አጠገቤ የሚተኛው የሸጎሌ ሚኒባስ ሾፌር «ጋሼ፣ ይሄ ጉንጭ ለብቻው ሂሳብ ይከፈልበታል፤ ሁለት ሰው ቦታ ያዘ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ከሚደርሰው ውሃ ላይ ግን ለመጉመጥመጫ ያካፍለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አይተነው የማናውቅ ፖሊስ በሩን ከፍቶ ስሜን ጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለ።

እንደ ደንቡ ያለኝን አካፈልኩ፤ ብርድ ልብሴን ለሾፌሩ፣ ኩባያዬን ለካቦው። ካቦው ትከሻዬን ሳመና «እንዳትመለስ» አለኝ። እዚያ ምርቃት እሱ ነው።

መኪናው ወደ ፍርድ ቤትም ወደ ቤቴም አልሄደም። ጳውሎስ አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ቆመ።

«ታዲያ ዕቃህን ያዝ ለምን አልከኝ?» አልኩት ፖሊሱን።

«እኔ እንጃ። አዲስ ነኝ። ለሚወጣ ሁሉ እንደዚያ የሚባል መስሎኝ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ፖሊሱ ሁለቱንም እጆቼን ከወንበሩ ክንድ ጋር በካቴና አሰረና «ይነቀልለትና እንሂድ» አላት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ሥሩ ቢታከም ሊድን ይችላል።»

ቀበቶዬን፣ መነጽሬን፣ የጫማዬን ማሰሪያ ሳይቀር ወስደውብኛል። ጥርሴን በገዛ ፈቃዴ ልጨምርላቸው አልፈለግኩም። «ይዳን» አልኩ።

«ነርቩን አወጣና ውስጡን አጽድቼ እሞላዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማውም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።»

«እንደ አለቃዬ ነዋ» አለ ፖሊሱ።

ለቀጠሮ መልሰው ያመጡኝ እንደሆነ ጠየቀችው። ትከሻውን ነቀነቀ። ስለዚህ በአንድ ቀን ልትጨርሰው ተነሳች። ማደንዘዣ ወግታኝ «ካመመዎት እጅዎን ያንሱ» አለችኝ። ቀጭኗ መርፌ ወደ ሥሩ ስትወርድ አመመኝና እጄን ሳነሳ ካቴናው ተንቋቋ። ሐኪሟ አቆመች። ዝቅ ብላ «እሺ፣ እግርዎን ያንሱ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ መለሱኝ። የመጋዘኑ በር ተከፈተ፣ ነጫጭ ፊቶች ወደ እኔ ዞሩ፣ ማንም አልተነሳም። «እንደምን ዋላችሁ» ስል የሰው ያልሆነ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ግማሽ ፊቴ የእኔ አልነበረም፤ ለሃጬ አገጬ ላይ ሲወርድ ያወቅኩት ሸሚዜ ሲረጥብ ነው። የምተኛበትን ቦታ ተጠጋግተው ሞልተውታል፤ እዚያ ሰው የነበረበት አይመስልም። ሾፌሩ በብርድ ልብሴ ተጠቅልሎ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ሞቼ፣ ቀብሬን ጨርሰው የተቀመጡ ሰዎች መካከል የገባሁ መሰለኝ።

«ምን ብለው መለሱህ?» አለ ካቦው።

ጥርስ ለማለት ሞከርኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«አፉን የሆነ ነገር አድርገውታል» አለ አንዱ።

«እያስመሰለ ነው» አለ ሌላው።

ካቦው ቀረበኝ። «አፍህን ክፈትና እንይ።»

ብከፍት ነገሩ እዚያው ባለቀ። ለሐኪሟ የከፈትኩት ፈቃዴን ስለጠየቀችኝ ነው። ጣቢያው የገባሁ ዕለት ፖሊስ አፌን ከፍቶ በባትሪ ፈትሾኛል፤ በራሴ ሰዎች ደግሞ ልፈተሽ አልቻልኩም። ራሴን ነቀነቅኩ። ከንፈሬ መዘጋቱ ስለማይሰማኝ በመዳፌ ደግፌ ዘጋሁት፤ ሄጄ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያናገረኝ የለም።

የራት ዳቦ ሊገባ ሲል ማደንዘዣው ለቀቀኝና ሕመሙ መጣ። ላብ አጠመቀኝ። ካቦው ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«አመመህ?»

«አመመኝ» አልኩ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ና፣ ቦታህ ግባ።»

ሾፌሩ ተነስቶ ብርድ ልብሱን ዘረጋልኝ። «ይኸው ጋሼ፣ ይውሰዱት።»

«ሰጥቼሃለሁ። ያንተ ነው» አልኩት። እስኪነጋም በሩ ሥር ቆየሁ። ያመኑት ሕመሜን እንጂ እኔን አልነበረም።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ፤ ጥርሱ ግን ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። ያኝካል፤ ትኩስም ቀዝቃዛም አይለይም። አንዳንዴ በማንኪያ ሲነካ የሌላ ሰው ጥርስ የተነካ ይመስለኛል።

በቤቴ ጥብቅ አባት ነኝ፤ አልክድም። ልጄ አምሽቶ ሲገባ መጠጥ እንዳልቀመሰ ለማወቅ ድሮ «እስቲ እፍ በልብኝ» እለው ነበር። አሁንም ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ልጁም ለምዶት አፉን መክፈት ይጀምራል። «ተወው» እለዋለሁ። «የት ነበርክ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ የነገረኝን ሰምቼ በሩን እዘጋለሁ። ሁልጊዜ አምኜው አይደለም።