የሦስት ደቂቃ ምስጋና

እኔ ስብሰባ እወዳለሁ። ይኼን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሌላው ሰው መጠጥ ይወዳል፣ ካርታ ይወዳል፤ እኔ ደግሞ አጀንዳ ሲነበብ ደስ ይለኛል። ተማሪ ሆኜ ስዊድን ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አንድ የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ነበር። ሸሚዞቹ ወዲያው አለቁ። ረቂቁ ግን ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉም ገና እየተሻሻለ ነበር።

የምንኖርበትን ሰፈር ስም አልጠራም፤ ዛሬም እዚያ ሲያዩኝ የሚስቁ ሰዎች አሉ። ወደ ሃግሴትራ የሚሄደው ቱነልባና፣ የምድር ባቡሩ፣ ያልፍበታል፤ ይኼ ይብቃችሁ። ቀን ቀን ሱንድቢበሪ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ፋይል በፊደል ተራ እደረድራለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሰብሳቢ ነኝ። የአገር ልጆች የመሠረትነው ማኅበራችን አሥራ አንድ አባላት ነበሩት፤ ከነሱ ውስጥ ዘጠኛችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነን። የቀሩት ሁለቱ ሻርሆልመን ስለሚኖሩ እየራቃቸው ይቀሩ ነበር እንጂ እነሱንም ሳንመርጣቸው አንቀርም ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ የእኔ ሳሎን ውስጥ እንሰበሰባለን። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ተረኛ ስለነበረች ሃይ ባይ አልነበረኝም። የደንቡ አንቀጽ ሰባት ላይ ብቻ ሁለት ክረምት ተከራክረናል። አንቀጽ ሰባት ስለ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ያኔ ግን ልሞትለት ዝግጁ ነበርኩ።

ትልቋ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። መሐንዲስ እሆናለሁ ብላ ከተነሳች ቆይታለች፤ ሒሳብ ግን አልገራላት ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የምታመጣው ውጤት ነው የምትፈልገው ትምህርት ቤት የሚያስገባት ወይም የሚያስቀራት። እኔም አባት አይደለሁ? «አጥኚ!» እላታለሁ። የት ታጥና የሚለውን አስቤበት አላውቅም። ማታ ማታ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ የመጽሐፍ ፍቅር ከእኔ ወርሳ ነው ብዬ ኮሚቴው ፊት እኮራበት ነበር።

አብራት የምትሄደው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የኬንያዊት ጎረቤታችን ልጅ ነበረች። እናትየው አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ የምታበላ ሴት ናት። እጇም ፈጣን፣ አፏም ፈጣን።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ማታ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። ለሠራተኛ የሚከፈል የለም ተባለ። ውሳኔው ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የሰፈራችን ምክር ቤት እጅ ነው። ሁለቱ ልጆች ሳይነግሩን ሥራ ጀመሩ። በየደረጃው እየወጡ የልጆች በር አንኳኩ፤ «የት ነው የምታጠኑት? ቢዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?» እያሉ መልሱን በሒሳብ ደብተር ላይ ጻፉ። አቤቱታ ብቻ ይዘው ላለመቅረብ መፍትሔም ፈለጉ። ከወላጆች ውስጥ በሳምንት ሁለት ማታ ተራ ገብተው ክፍሉን የሚጠብቁ አገኙ። ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡ ጡረተኞች እንኳ ስማቸውን አስመዘገቡ። ምክር ቤቱን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁልፍ።

ምክር ቤቱ ከስብሰባው በፊት ነዋሪው እንዲናገር ለአንድ ጉዳይ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ልጆቹ ተመዘገቡ። ንግግራቸውን ጽፈው፣ ቆርጠው፣ ቀጥለው፣ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ውስጥ አስገቡት። ልምምዱን ያደረጉት ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ እየጮኸባቸው ነው። ጎረቤቴ ለሥራ በምታስረው የእጅ ሰዓት እየለካች «ፍጠኑ! አትሩጡ!» ስትላቸው ትቆይ ነበር። እኔ ያን ሰሞን ፎቅ ላይ ነኝ፤ አንቀጽ ሰባት።

ነገሩን ስሰማ ግን ደረቴ ተነፋ። ልጄ ምክር ቤት ፊት ልትናገር! ለኮሚቴው አበሰርኩ። ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ? ኮሚቴው ተወያየበት። አንዱ «ልጅ እንዴት መክፈቻ ሳይደረግለት ዘሎ ይናገራል? ባለቤት የሌላቸው ይመስላሉ» አለ። እውነትም! ትልቅ ሰው ሳይከፍተው ልጅ የተናገረበት ስብሰባ አይተን አናውቅም። በሙሉ ድምፅ እኔ አጭር የመክፈቻ ቃል እንዳሰማ ተወሰነ። ቃሉን ለማርቀቅ ሁለት ስብሰባ ፈጀን።

ለጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝቻት ነገርኳት። የያዘችውን ዘንቢል አስቀመጠችና አየችኝ።

«እኛ መንደር» አለችኝ፣ «ሹሙ ሰውን ይሰበስብና ‹ውኃው ለምን ጠፋ?› ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ ሹሙን ሲያመሰግኑ ፀሐይ ትጠልቃለች። ልጃገረዶቹ ከኋላ ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። ቧንቧው የቱ ጋ እንደተሰበረ የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸዋ!»

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። «ይገርማል፣ እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት!» ብዬ አዘንኩላት። ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። አሁን ሳስበው ያቺ ሴት በጥፊ ብትለኝ ይሻል ነበር።

ስብሰባው ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በረዶው ቀልጦ፣ እንዳያዳልጥ ተበትኖ መንገዱ ላይ የተረፈው ጠጠር ከጫማ ሥር ይንቋቋል። ሠርጌ ቀን የለበስኩትን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ሱሪው አልዘጋ ስላለ በቀበቶ ሸፈንኩት። ሰብሳቢዋ ፈገግታ የማይለያት ሴትዮ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ እንቁላል ሲቀቀል የምትሞላ ትንሽ የወጥ ቤት ሰዓት አስቀምጣለች።

«አሁን ወጣቶቹ» ስትል ልጄና ጓደኛዋ ብድግ አሉ። እኔ ግን ቀደምኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ መሐል አዳራሹ ላይ ቆምኩ። «በአባትነቴ በአጭሩ ላስተዋውቃቸው» አልኩ። ልጄ በስዊድንኛ «አባዬ፣ ኧረ ተው» አለችኝ። በሹክሹክታ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ። ሰብሳቢዋ ደግሞ ተነጋግረን የመጣን መስሏት ሰዓቱን ሞላች።

እኛ አገር ሰው ቅሬታውን ዘሎ አይናገርም። መጀመሪያ ያመሰግናል። ባለጉዳይ ቢሮ ገብቶ «ጣሪያዬ ያፈሳል» ከማለቱ በፊት የሹሙን ጤና፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቃል፤ የተደረገለትን ሁሉ ያነሳል። ከዚያ ነው «ይሁን እንጂ» የሚለው። ሰሚውም ጆሮውን የሚያቆመው «ይሁን እንጂ» ሲባል ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ማሟሻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ክቡር ሰብሳቢ አልኩ፣ ክቡራን አባላት አልኩ። ስለ ሰላሙ አመሰገንኩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ወተት አመሰገንኩ፣ በረዶ ስለሚጠርጉት ሠራተኞች አመሰገንኩ። ቤተ መጻሕፍቱንም አልረሳሁም። «በአገልግሎቱ እጅግ ረክተናል፤ ምንም የጎደለብን ነገር የለም» አልኩ። በስዊድንኛ ነው የተናገርኩት፣ ያውም ጥርት ባለ ስዊድንኛ። አዳራሹ ፀጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ሰውነቴን ሞቅ አለኝ። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይሁን እንጂ…» አልኩ።

ሰዓቱ ጮኸ።

ልጄ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። አፏን ከፈተች። ሰብሳቢዋ ከልቧ እያዘነች «ጊዜያችሁ አለቀ። ደንብ ነው፤ ለአንዱ ከጨመርኩ ለሁሉም ልጨምር ነው» አለቻት። ለእኔ ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስሞታ ነው» አለችኝ። ተጨበጨበልኝ! ጎረቤቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አላጨበጨበችም።

ቀጥሎ አጀንዳው ደረሰ። ማታ ይዘጋ አይዘጋ። አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ጥቂት አሳስቦት እንደነበረ፣ አሁን ግን ከራሳቸው ከነዋሪዎቹ ወገን ቅሬታ እንደሌለ መስማቱን ተናገረ። ወደ እኔም ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔም ከልምድ የተነሳ አጸፋውን መለስኩ። እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ። ከሰኔ ጀምሮ ማታ ይዘጋል ተባለ። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንመለስ ልጄ ከፊት ከፊት ሄደች። ከኋላዋ ጠጠሩን እየረገጥኩ «ስሚኝማ» አልኩ። «ይግባኝ እንላለን፣ ኮሚቴው ደብዳቤ ያረቅቃል» አልኩ፤ እርምጃዋን አፈጠነች። ቤት ስንደርስ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችና «አንብበው» ብላኝ ክፍሏ ገባች።

ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አስቡት፣ ሁለት ስብሰባ የፈጀ መክፈቻ ያረቀቅሁለትን ንግግር ከዚያ በፊት አንድ ቀን አላየሁትም ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል። «የምኖረው ሦስት ክፍል ባለው ቤት ነው። መኝታ ክፍሌን ከሁለት ታናናሾቼ ጋር እጋራለሁ። ሳሎናችን በሳምንት ሦስት ቀን የስብሰባ አዳራሽ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ጮክ ብለው ይነጋገራሉ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ስብሰባ ይወዳል። ስለዚህ የማጠናበት ቦታ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው።»

አንቀጹ በሙሉ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከታች የመፍትሔዎቹ ዝርዝር አለ፤ አራተኛው «አባቶች የሚሰበሰቡበት ሌላ ክፍል ቢሰጣቸው» ይላል። እሱም ተሰርዟል። ጠርዙ ላይ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ የጓደኛዋ መሰለኝ፣ «ይተው፣ ያፍራል» ተብሎ ተጽፏል።

እንዳላፍር ብለው ነው የሰረዙት! እኔ ደግሞ ራሴን አዋርጄ፣ እነሱንም ይዤ ገደል ገባሁ። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ቀበቶዬን ፈትቼ፣ የሠርጌን ሱሪ እንደለበስኩ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስብሰባው ፕሮቶኮል፣ ቃለ ጉባኤው ማለት ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጠፈ። ስለ ልጆቹ ሥራ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቁልፉ አንድም ቃል የለም። «አንድ አባት ነዋሪው በአገልግሎቱ መርካቱን ገለጹ» ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬ፣ እኔ ራሴ በቃለ ጉባኤ የሰፈርኩት በዚህች ብቻ ነው።

ኮሚቴውን ሰብስቤ ከሳሎኔ እንድንወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። «አጀንዳ አልተያዘም» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጀንዳ ላይ ተቆጣሁ። «አጀንዳችሁን ገደል ክተቱት! ልጄ ልታጠና ነው፣ ውጡ!» አልኩ። ወጡም። ከዚያ ወዲያ የተሰበሰብነው ምድር ቤት፣ ብስክሌት ማቆሚያው ውስጥ ነው። ብርድ ስለነበር አንቀጽ ሰባት በአንድ ስብሰባ አለቀ።

መስከረም ላይ ልጆቹ እንደገና ተመዘገቡ። ልጄ ሙሉ ልብሴን ሳወጣ አይታ «ሹራብ ይበቃሃል» አለችኝ። ጎረቤቴ ከኋላ መደዳ፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ አይታ አወቀችኝ መሰል «ከመጀመራችን በፊት የሚናገር አለ?» ስትል እጄ እኔን ሳያማክር ወደ ላይ ወጣ። እግዜር ይስጣት፣ ጎረቤቴ ያዘችና ጭኔ ላይ መለሰችው። እስከ መጨረሻው ድረስም አልለቀቀችውም።

ሰዓቱ ተሞላ። ልጆቹ ተቀባበሉት። ችግሩ ይኸውና፣ መፍትሔው ይኸውና፣ የተራው ዝርዝር ይኸውና፣ ቁልፉን ስጡን። ማሟሻ የለ፣ ምን የለ። የምክር ቤቱ አባላት እርሳስ ሲያነሱ አየሁ። በሚያዝያው ስብሰባ ለእኔ እርሳስ ያነሳ ሰው አልነበረም። በሙከራ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ቁልፉ ተሰጣቸው። ልጄም ከዓመት በኋላ የምትፈልገው ትምህርት ቤት ገባች፤ ሒሳቧ ግን ከእኔ እንዳልሆነ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

ለነገሩ በዚያ ንግግር መጨረሻ አሥር ሰከንድ ያህል ተርፏቸው ነበር። ልጄ ወረቀቷን አጠፈችና ወደ ኋላ ዞር አለች። «አባቴንም አመሰግናለሁ» አለች፣ «ዛሬ ዝም ብሏል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጎረቤቴን እንኳ በቅጡ አላየኋትም።

ፕሮቶኮሉ ሲለጠፍ ሄጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሁለት ወጣቶች ችግርና መፍትሔ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አገኘ» ይላል። ያቺ የአሥር ሰከንድ ምስጋና ግን አልተመዘገበችም። ለዚህ ነው እኔ እዚህ የጻፍኳት።