ብሎኑ እስኪገኝ

መርዶ ነጋሪዎቹ በወጉ መሠረት ማለዳ መጡ። አገሩ ለንደን ስለሆነ ግን ከመርዶው በኋላ ሁሉም ሥራ ገቢ ነበሩ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የጥበቃ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከፊት ቆሟል። ከኋላው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አሉ፤ አንደኛው አውቶቡስ ነጂ ነበርና የሥራ ቦርሳውን እንዳነገበ ነው። ዋይት ሲቲ ያለውን፣ ከማዘጋጃ ቤት የተከራየነውን የካውንስል ቤታችንን በር ስከፍት «እንደምን አደርሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ወንድሜ መሞቱን አወቅሁ።

ወንድሜን ለውትድርና ከወሰዱት ወዲህ አላየነውም። ጦርነቱ አልቆ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ የተበተነው ወታደር ወደየቤቱ ሲገባ እሱ አልገባም። ሱዳን ተሻግሯል ያሉን ነበሩ፤ እስር ቤት አየነው ያሉንም ነበሩ። አባቴና እኔ ለንደን ድረስ ስንመጣ ያንን ወሬ ይዘን ነው የመጣነው። አሁን ግን ከእሱ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ ሰው ጥገኝነት አግኝቶ እዚሁ ከተማ ገብቶ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት ብሎ ለአጎቴ ነገረው።

አጎቴ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አባቴ እጁን አነሳ።

«ቆዪ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሬሳው የለም። ልብሱ የለም። አገሩ ላይ አይደለንም። ታዲያ ምን ይዘን ነው የምናለቅሰው? በእኛ አገር የወንድ ለቅሶ ጠመንጃው ሳይወጣ አይለቀስም። ጠመንጃ ላግኝና እጠራችኋለሁ። እስከዚያ ማንም ሰው እንዳያለቅስ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ መርዶ ገጥሟቸው አያውቅም። አውቶቡስ ነጂው ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ አንድ ባንድ ወጥተው ወደየሥራቸው ሄዱ።

አባቴ ያለው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። በእሱ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ከልብሱ ጋር አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ከዘመድ አንዱ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ተሸክሞት ይወጣል፤ አልቃሹ እሱን እያየ ያነባል። ሬሳ ከሌለ ደግሞ ጠመንጃው ራሱ እንደ ሬሳ ነው። የእኛ ቤት ምንሽር ከአያቴ ለአባቴ ወርዶ ከአባቴ ለወንድሜ ሊወርድ የነበረ ነው። መሣሪያ ሰብሳቢዎች መጥተው ወሰዱት፤ ቀጥለው መጥተው ወንድሜን ወሰዱት።

እኔ ማልቀስ ነበር የፈለግኩት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። የዚያን ዕለት ፓርክ ሮያል ወዳለው የሳንድዊች ፋብሪካ ሄጄ፣ ፀጉሬን በሰማያዊ መረብ ሸፍኜ፣ በቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ዳቦ ላይ ሰላጣ ስደረድር ዋልኩ። ጥቁር እንዳልለብስ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ለአለቃዬ ወንድሜ ሞተ እንዳልል አባቴ ገና አልፈቀደም። ያላለቀስኩትን ለቅሶ ይዤ ወጣሁ፣ ይዤ ገባሁ። በዚህ ዓይነት ወራት ሄዱ።

ስለዚህ ጠመንጃውን የፈለግሁት መድኃኒት እንደሚፈልግ ሰው ነው። ከሃክኒ ወዲያ በሚቆም የእሁድ ገበያ ውስጥ አሮጌ የወታደር ዕቃ የሚሸጥ እንግሊዝ መኖሩን ሰማሁ። የብረት ቆብ፣ ቦት ጫማ፣ የማይተኩስ ጠመንጃ ይሸጣል። አንድ ምንሽር ነበረው፤ አፈሙዙ በብረት ተደፍኗል፣ እንዳይተኩስ ተደርጎ መበላሸቱን የሚመሰክር ወረቀትም አለው። ችግሩ ተፈታትቶ መቀመጡ ነው። ሰደፉን በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፣ ትልልቁን ብረት በከረጢት ሰጠኝ፣ ጥቃቅኑን ሁሉ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረልኝ። እጁ የሚሠራ ሰው ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከራት በፊት ይጨርሰዋል አለኝ። ሁሉንም ብርድ ልብስ ውስጥ ሸፍኜ፣ ባቡር ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ፈገግ ብላ ወደ ጥቅሉ አየች፤ እኔም ፈገግ አልኩላት። ምን ላድርግ?

አባቴ ሰደፉን በመዳፉ ዳሰሰው፣ አሸተተው። «ይኼ የኛው ዘመድ ነው» አለ። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አስጠርጎ፣ ነጠላ አንጥፎ፣ ዕቃዎቹን ደረደራቸው። ካቻቢቴ ገዛሁለት። በወጣትነቱ የሠፈሩን ሁሉ መሣሪያ ፈትቶ የሚገጥም ሰው እንደነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ትነግረኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ለቅሶ እንደምንቀመጥ እርግጠኛ ሆንኩና ጥቁር ቀሚስ ገዛሁ።

መጀመሪያ የጠፋው የቃታው ሞላ ነው። «ከእጄ ተስፈንጥሮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ» አለኝ ከሥራ ስገባ። ምንጣፉን በእጃችን አበጠርነው። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን፣ የሁቨሩን፣ ከረጢት ጋዜጣ ላይ ዘርግፌ አቧራውን፣ ፀጉሩን፣ የምስር ፍሬውን ሳይቀር ለየሁ። የለም። አጎቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ፈታና ውስጡ ያለችውን ሞላ ሰጠው።

«እስኪ ይቺን ይሞክሯት፣ ጋሼ። ዞሮ ዞሮ አይተኩስ።»

አባቴ ሞላዋን በሁለት ጣቱ ይዞ አያት። «ልጄን በእስክሪብቶ ሞላ ልቅበረው?» አለ። አጎቴ ሞላዋን መልሶ ኪሱ ከተተ።

እሁድ ተመልሼ ገበያ ሄድኩ። እንግሊዙ ብዙ ሞላ ያለበት ጣሳ ነበረው፤ የእኛን የሚመስል መርጦ ሰጠኝ። አባቴ ገጠመው፤ ልክ ሆነ። በማግስቱ የማንገቻው ቀለበት ጠፋ። ቀለበት ስተካ የሰደፉ ብሎን ጠፋ። ብሎኑን ስተካ ያ የተካሁት ሞላ ጠፋ። የገበያው ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ጣሳውን ብድግ ማድረግ ጀመረ። ምን ዓይነት ቤት ነው የምትኖሩት ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን መቀለድ አልቻልኩም። አባቴ አረጀ፣ ዓይኑ ደከመ ብዬ ተጨነቅሁ። ሐኪም ጋር ቀጠሮ ሁሉ ያዝኩለት፤ ዓይኑ ደህና ነው አሉ።

አጎቴ በመጣ ቁጥር «ምነው፣ ሰዉ እኮ እየጠየቀኝ ነው» ይላል። አባቴ «አንዲት ብሎን ቀረችኝ» ይላል። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ጥቁር ቀሚሴ ከነላስቲኩ ቁምሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

አንድ ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ኩሽናችን ወደ ሳሎን ምግብ የሚያቀብሉባት ትንሽ መስኮት አላት። ቀና ስል አባቴ የሰደፉን ብሎን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። በመዳፉ ይዟት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከኮቱ የደረት ኪስ መሐረብ አውጥቶ ብሎኗን ጠቀለለና መልሶ ከተተው። ቀጥሎ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ፣ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፣ መፈለግም ጀመረ።

ንዴቴ ይኼ ነው አይባልም። ቢላዋውን አስቀምጬ ወጣሁ። ስንቱን እሁድ ስመላለስ፣ ስንቱን ሌሊት እንባዬን ስውጥ እያየኝ! ላዋርደው፣ ኪሱን ልገለብጠው ብዬ ነው የወጣሁት። እሱ ግን ከልቡ ነበር የሚፈልገው። የሶፋውን ሥር ይዳብሳል፣ የምንጣፉን ጠርዝ ይገልጣል።

«ምን ጠፋብዎ፣ አባባ?»

«ያቺ ብሎን።»

«ኪስዎን አይተዋል?»

ቀና አላለም። «አይቼዋለሁ» አለ። «የለችም።»

ድምፁ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነበር የሚመስለው፤ አትጨክኝብኝ የሚል። ጠመንጃው ካለቀ ሰው ይጠራል። ሰው ከተጠራ ይለቀሳል። ከተለቀሰ ልጁ ሞተ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳይገባኝ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ! አጠገቡ ተንበርክኬ አብሬው ፈለግሁ። እሁድ ሲሆን ሌላ ብሎን ገዝቼ መጣሁ፤ «ተባረኪ፣ አሁንስ ይበቃናል» አለኝ። ማክሰኞ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ ምንም ተስፋ አላደረግኩም። ተናደድኩም ማለት አልችልም። ከሥራ እገባለሁ፣ የጠፋውን እጠይቃለሁ፣ እንፈልጋለን። አጎቴ መጠየቁን ተወ። ጠመንጃው ሲሠራ ውሎ ማታ ቁምሣጥን ላይ ይወጣል። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን፣ ስሙን ሳንጠራ ዓመታት ኖርን።

አባቴ ከእነዚያ ዓመታት በኋላ በብርድ ወራት፣ በሳንባው ታሞ ሆስፒታል ሞተ። ለቅሶው ቤታችን ሆነ። ሶፋውን አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን። ጥቁሩን ቀሚስ ከላስቲኩ አወጣሁት፤ ጠቦኝ ነበር፣ ግን ለበስኩት። አጎቴ ጠመንጃውን ከቁምሣጥኑ ላይ አውርዶ አልጋው ላይ፣ በአባቴ ኮት ላይ አጋደመው። ሲያጋድመው የሰደፉ ብረት ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ይቺ ብሎን እስከ ዛሬ አልተገኘችም?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሰው ተሰብስቧል፣ ጠመንጃው ወጥቷል። ዛሬ የሁለቱንም ለቅሶ አንድ ላይ እናውጣላቸው። ያ ልጅም ይለቀስለት እንጂ፣ ስንት ዘመን! ካቻቢቴውን አምጪልኝ፣ የሚሆን ብሎን ፈልጌ እኔ እገጥመዋለሁ።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው ያዩኛል። ኮቱን ጠዋት የተኮስኩት እኔ ነኝ። የደረት ኪሱ ውስጥ ያለው መሐረብ ከብዶ ነበር፤ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ ሞላዎቹ፣ ቀለበቶቹ፣ ብሎኖቹ ሁሉ አሉ። መልሼ ጠቅልዬ እዚያው ከትቼዋለሁ። አሁን እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«የለችም፣ አጎቴ» አልኩት። «ምንጣፉ ውስጥ ገብታ ይሆናል። እየፈለግን ነው።»

አጎቴ ትንሽ አየኝና «እሺ» አለ። ጠመንጃውን ሳይዘቀዝቀው ተወው። ሴቶቹ ለአባቴ አለቀሱ። እኔም ለአባቴ ብቻ አለቀስኩ።