ጥቁሩ አየር ነበር

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚነሳ፣ ሰው ፊት የማያሳፍር ሳል። መርሳ ከተማ በአማቴ ግቢ ያለውን የመኪና ጋራዥ ወደ ፎቶ ቤት ለውጬ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር፤ ስለዚህ ሳሉን በኬሚካል ሽታ አሳበብኩት። ይህን የምጽፈው ዛሬ እንደ እኔ ሰበብ እየፈለገ ላለ ሰው ነው።

ጋራዡ የባለቤቴ የደብሬ አባት የጭነት መኪናቸውን የሚያሳድሩበት ነበር። እሳቸው አርፈው መኪናው ከተሸጠ ወዲህ ዶሮ ብቻ ነበር የሚያድርበት። አማቴ እትዬ ወርቄ፣ እንደ ወጋችን አንቱ እያሉኝ፣ “ባዶውን ከሚቀመጥ ይሥሩበት” ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ጊዜው ለገበሬው የመሬት ደብተር የሚሰጥበት ነበር። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ጉርድ ፎቶ ይለጠፋል ስለተባለ ከአካባቢው፣ ከግራናም ከውርጌሳም፣ ሰው ይጎርፋል። ባለቀለም ፊልም ደሴ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል፤ ጥቁርና ነጩን ግን እኔ እዚያው አጥቤ ሰው ገበያውን ጨርሶ ሳይመለስ አደርስለታለሁ።

ለዚህ ጨለማ ክፍል ያስፈልግ ነበር። የኋላውን መስኮት በብሎኬት ደፈንኩት። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃና በጆንያ ጠቀጠቅኩት። የቆርቆሮውን መዝጊያ ስንጥቅ አንድ በአንድ በሬንጅ አሸግኩ። ቤቱን በቺፕውድ ለሁለት ከፍዬ ፊት ለፊቱን ማንሻ፣ ጓዳውን ማጠቢያ አደረግኩት። ስጨርስ በጠራራ ፀሐይ ገብቼ ቆምኩ፤ እጄ አይታየኝም። ኮራሁ። ብርሃን የማይገባበት ቤት አየርም እንደማይገባበት አንዲት ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ከሳሉ ቀጥሎ ላብ መጣ። የመርሳ ሙቀት ነው አልኩ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። የሥራ ብዛት ነው አልኩ። እትዬ ወርቄ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ “ይመር፣ ይኸ ደግ አይደለም፤ ሐኪም ይይዎት” ቢሉኝ፣ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ ብዬ በሆዴ አሾፍኩ። እኔ እንዲህ ነኝ። ዓይኔ ካላየ አላምንም፣ ካየ ደግሞ ማንም አያሳምነኝም። ፎቶ አንሺነት የሰጠኝ አመል ነው።

ፎቶ በሚታጠብበት ቀይ መብራት ሥር ደም አይታይም። ይህን ፎቶ የሚያጥብ ሰው ካልሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚያ መብራት ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀ ደም ውሃ ይመስላል። ስንት ቀን ስል አፌን በመሐረብ እየጠረግኩ ኪሴ ስከት እንደቆየሁ አላውቅም። ደብሬ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ አገኘችው። ይዛው መጣች። የጋራዡን መዝጊያ በረገደችው። መሐረቡን ዘረጋችልኝ። በቀን ብርሃን ደሙ ታየኝ።

ዓርብ ዕለት ወልድያ ሄድኩ። ሆስፒታሉ አክታ ተቀበለኝ፣ ራጅ አነሳኝ። ራጁን በፖስታ አድርጎ የሰጠኝ ሰው፣ “ሰኞ ከአክታው ውጤት ጋር ለሐኪሙ ያሳያሉ” አለኝ። ሰኞ ሩቅ ነው። ፖስታውን ደረቴ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

ጋራዡ ውስጥ፣ ኔጋቲቭ በእርሳስ የማቃናበት፣ ከሥሩ መብራት ያለው መስታወት አለኝ። ራጁን እዚያ ላይ ዘረጋሁት። ፊልም ማንበብ እኔን ማን ያስተምረኛል? በኔጋቲቭ ላይ የጠቆረ ቦታ ብርሃን የመታው ነው፤ ድፍን ብሎ ከጠቆረ ተቃጥሏል እንላለን፣ ምስል አይወጣበትም። የጎድን አጥንቶቼ ነጭ ናቸው። በመካከላቸው ግን ደረቴ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር። ከቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ብቻ አንዲት ነጣ ያለች፣ ደመና የምትመስል ቦታ አለች። የተረፈችኝ ይቺ ናት አልኩ። ሳንባዬ አልቋል።

ሰኞ አልሄድኩም።

ለደብሬ “ብርድ ነው አሉ” ብዬ ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዝቼ አሳየኋት። አመነችኝ፤ ማመን ስለፈለገች ይመስለኛል። የሚሞት ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል፣ ቀኔን ከልጄ ጋር ልጨርስ ብዬ ቆረጥኩ። ልጃችን ቤዛ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ከአጠገቤ ለይቻት አላውቅም። ወደ ጨለማው ክፍል ይዣት እገባለሁ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ወረቀቱ ኬሚካሉ ውስጥ ሲገባ የገበሬው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ይላል። “አባባ፣ ሰውዬው መጣ!” ትለኛለች። እኔ አንገቷ ሥር ገብቼ አለቅሳለሁ። ስጨርስ አስላለሁ። በታሸገ ቤት። ፊቷ ላይ።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ቤዛ ምግብ እምቢ አለች። መጫወት ተወች። ታስታውካለች። ራሷን ትይዛለች። ብርሃን ስታይ ዓይኗን ትከድናለች፤ ጨለማ ስላስለመድኳት ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ቂል ነበርኩ። አንድ ጠዋት ዓይኖቿ ወደ አንድ ወገን ሄዱ። አንገቷ ደረቀ። ተንቀጠቀጠች። ደብሬ ጮኸች።

የመርሳ ጤና ጣቢያ አላቆየንም፤ በመኪና ወደ ወልድያ ላከን። እዚያ ከጀርባዋ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

“ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?”

ሳል መጣብኝ። ልይዘው ሞከርኩ። አልተያዘም።

ሐኪሙ አየኝ። ደብሬም አየችኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ራጁን፣ መስታወቱን፣ ሰኞውን። ራጁን ከመርሳ አስመጥቶ መብራቱ ላይ ሰቀለው። በጣቱ እያሳየ፣ “አቶ ይመር፣ ጥቁሩ አየር ነው” አለኝ። “አየር የሞላው ጤነኛ ሳንባ ራጅ ላይ ይጠቁራል። ሕመምዎ ይቺ ነጯ ናት። ትንሽ ነበረች።” የቀረውን አልጨረሰውም። የአክታዬም ውጤት ከዚያን ሰኞ ጀምሮ መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቲቢ ፖዘቲቭ። የቤዛን ደግሞ ቲቢ ሜኒንጃይተስ አለው፤ ቲቢው ወደ አንጎሏ ሽፋን ወጥቷል።

ቤዛ አሥራ ስድስት ቀን ራሷን አላወቀችም። መድኃኒቱን ፈጭተው በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ይሰጧታል። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን የቲቢ መርፌ ይወጓታል። ጭኗ መርፌ ማስገቢያ አጣ። እኔን ለብቻ አስተኙኝ፤ መድኃኒት እስኪሠራብኝ ድረስ አጠገቧ መግባት አልተፈቀደልኝም። ውጭ ቆሜ በመስኮት አያታለሁ። አትንቀሳቀስም። ፈጣሪን እኔን ወስደህ እሷን ተው አልኩት። ሰሚ አጣሁ። ደብሬ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ።

“ስትሞት አስከትለኸን ልትሄድ ነበር?”

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አየች፣ ፈገግ አለች። ሆስፒታሉ የኔ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ እንድገባ ሲፈቅዱልኝ ከበር ላይ ሆኜ “ቤዛዬ!” አልኩ። አልዞረችም። ጠጋ ብዬ ደገምኩ። አልዞረችም። ከኋላዋ አጨበጨብኩ። ትራሷን እየነካካች መጫወቷን ቀጠለች።

ሐኪሙ፣ “ሕመሙም መድኃኒቱም ጆሮን ይጎዳሉ” አለን። “ሕይወቷ ተርፏል። መስማቷ ግን አይመለስም።”

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅምና ቀርፋፋ ነገር ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ ሲስተሯ ዓይኗን ሳትነቅል እያየችኝ ክኒኖቼን እውጥ ነበር፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው ክኒን ሽንቴን ሲያቀላው እንዳልደነግጥ አስቀድማ ነግራኛለች፣ ሲያቅለሸልሸኝም ወንበር እየሳበች ታስቀምጠኛለች። በሁለተኛው ወር ላቡ ጠፋ፣ ሳሉም ተወኝ፣ ቀበቶዬ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ያኔ ነው እንግዲህ ድኛለሁና ይብቃኝ የሚል ሐሳብ የመጣብኝ፣ ሲስተሯ ግን አንድ ቀን ብቀር ሰው ልካ አስፈለገችኝ። የጋራዡን ብሎኬት በመዶሻ ያፈረስኩትም በዚያው ሰሞን ነው። እትዬ ወርቄ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “ዶሮዎቹ እንኳ በዚያች መስኮት ይተነፍሱ ነበር” አሉኝ። አሁን ስሠራ ብቻ ጥቁር መጋረጃ እጥላለሁ፣ ስጨርስ ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፤ ልጅ ይዤም አልገባም።

ደብሬን መርምረው ነፃ አሏት። እስከ ዛሬ አብራኝ አለች፤ ይቅር እንዳለችኝ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ለዚያ ወጣት ሐኪም፣ ለሲስተሯና ለእትዬ ወርቄ ያለብኝን ምስጋና በዚህ ወረቀት አልጨርሰውም።

አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፤ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሂዱ፣ አክታ ስጡ። ወረቀትም ይሁን ራጅ የሰጧችሁን ለሚያነበው ሰው መልሱ፤ በሙያችሁ የቱንም ያህል ብትተማመኑ የእናንተ ሙያ እዚያ አይሠራም። እሞታለሁ ብላችሁ ብትቆርጡ እንኳ ከሐኪም አፍ ስሙት። እስከዚያው መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃን አትቀፉ። ልጅ የምትወዱ ከሆነ መውደዳችሁ ለጊዜው ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችው ቤዛ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ደሴ እህቴ ቤት ሆና መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ትማራለች። ሕመሙ ከማን እንደያዛት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር። አንብባ ስትጨርስ ቁጣዋን ጠበቅኩ። እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ ከመጨረሻው መስመር ሥር፣ “ያኔ ድምፄ ምን ይመስል ነበር?” ብላ ጻፈች።

ከመታመሟ በፊት ያነሳኋት ፎቶ አንድ ሣጥን ሙሉ አለኝ። ድምፅዋን የቀዳ የለም። መልሱን ልጽፍላት ስሞክር ሦስት ቀኔ ነው፤ “ቀጭን ነበር” ከሚለው አላለፍኩም።