የቤተ ሙከራችን ባለ ቁልፍ

አስፋልቱ ካለቀበት፣ ታክሲ ከሚዞርበት ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ የሰፈራችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አጥሩ በመንገድ በኩል ቀለም ተቀብቷል፤ የጓሮውን ማን ያየዋል ተብሎ እንደ ነበረ ቀርቷል። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው። ቤተ ሙከራውን ግን የማውቀው በመስኮት፣ ያውም መጋረጃው ሲታጠብ ብቻ።

ቁልፉን የሚይዙት ሰውዬ ስም አላቸው፤ ግን "ባለ ቁልፉ" ካልተባሉ ማንም አያውቃቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ዕቃ ይወዳሉ። ጠዋት ገብተው ማይክሮስኮፖቹን ይወለውላሉ፣ የማያ መስታወቶቻቸውን ክዳን መልሰው ይገጥማሉ፣ በሩን ቆልፈው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። "ተማሪ ከገባበትማ ምኑን ቤተ ሙከራ ሆነ?" ይላሉ። የባዮሎጂ መምህሩ ቢቸግረው ማይክሮስኮፕን በጠመኔ መሣል ያዘ። እጁ ይባረክና፣ ተማሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይሥለዋል፤ የነካው ግን የለም።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህቴ ሆነ። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ለዚያ ደግሞ የተግባር ፈተና ማለፍ አለባት። ባለ ቁልፉን እንዲያስገቧት ብትለምናቸው፣ "መጀመሪያ እንግዶቹ አይተውት ይሂዱ" አሏት።

እንግዶቹ ከትምህርት ቢሮ መጡ። እኔም ልጄን አዝዬ በወላጅ ተወካይነት ተገኘሁ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን ነጭ ጋዋን አልብሰው በየማይክሮስኮፑ አጠገብ አቁመዋቸዋል፤ እጅ ወደ ኋላ። ጠረጴዛው ላይ አበባ ሳይቀር ተቀምጧል።

"ምን ይታይሻል?" አሏት አንዲት እንግዳ እህቴን።

ጎንበስ ብላ አየች። "ጨለማ።"

ርዕሰ መምህሩን ሳል ያዛቸው።

"ክዳኑ አልተነሣም" አለችና እህቴ ወደ ባለ ቁልፉ ዞረች። "ጋሼ፣ ላንሣው?"

ሰውዬውን ላብ አጠመቃቸው። እምቢ እንዳይሉ እንግዳ ቆሟል፤ እሺ እንዳይሉ ዕቃው ሊነካ ነው። "አንሺው ልጄ... ቀስ ብለሽ ግን!"

እህቴ ክዳኑን አነሣች፣ ከአበባው ቅጠል ስስ ልጣጭ ገፍፋ ከሥሩ አስቀመጠች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ማይክሮስኮፑን ልክ እንደ መምህሩ ሥዕል አዟዟረችው። ከዚያ ሣቀች። "ይምጡ ጋሼ፣ እርስዎም ይዩት።"

ጎንበስ አሉ። ቀና አላሉም። እንግዶቹ ጠበቁ፣ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ልጄን ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። "ቅጠሉ ግንብ እኮ ነው! ማነው እንዲህ አድርጎ የደረደረው?" ይላሉ ለራሳቸው። ያን ሁሉ ዘመን ሲወለውሉት አንድ ቀን እንኳ አጮልቀው አላዩበትም።

አሁን በሩ ክፍት ነው። እህቴና ጓደኞቿ ለፈተናው ይለማመዳሉ፤ ተራ ካገኙ ማለቴ ነው። ትናንት ልጠራት ብሄድ ባለ ቁልፉ ከቦይ ውሃ ቀድተው አምጥተው ጠብታዋን ለማየት ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተዋል።

"ጋሼ፣ ተፈታኞቹ እኮ እኛ ነን!"

"ቆይ አንዴ፣ አትጨቅጭቂኝ! ይቺ ጅራታሟ ዞራ ትምጣ!"

እህቴ በክርኗ ገፋ አድርጋቸው ዓይኗን አስጠጋች።