ደቦው ያጠፋው ጎርፍ

አባቴን የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናዘዘው በኋላ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ ብዬ ነው። ማላከኬ ግን አይቀርም፤ ራሴን አውቃለሁ።

አባቴ አቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ያመርታል። የወንድሞቹ መሬት ለፋብሪካና ለኮንዶሚኒየም ሲሄድ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ጥበቃ ሆኑ፤ እሱ ወንዙ ጥግ የቀረችውን ቁራሽ ማሳ የሙጥኝ ብሎ ቀረ። እኔ ቱሉ ዲምቱ እኖራለሁ፤ ቃሊቲ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ክረምት ላይ በላይኛው ከተማ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ካየሁ የያዝኩት ፋይል አይታየኝም። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ታች እኛ ላይ ይዘረገፋል። አባቴ አንድ ቀን፣ "ማሳዬ ሁለት ክረምት በተከታታይ ከጠፋ ለልጅ ሸክም አልሆንም፤ እኔም እንደ ወንድሜ ፋብሪካ በር ላይ እቆማለሁ" አለኝ። በዚያ ዕድሜው የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ ማየት አልፈለግሁም።

ስለዚህ የአትክልት አምራቾች ማኅበራቸው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ጠርቶ ስብሰባ ሲያደርግ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ሄድኩ። ሠራተኛው ታብሌቱን እየነካካ አስረዳ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ጎርፍ ሲመጣ እንደሆነ ከነዚህ አያስፈቅድም" አለኝ በጆሮዬ። ጨቀጨቅሁት። ልጄ የተማረች ናት ብሎ ፈረመ።

ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ማንበብ እንጀራዬ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የኩባንያው ገማች መጥቶ ሳያይ ማሳው መነካት የለበትም ይላል። አነበብኩት፤ ተገቢ ነው ብዬም ገጹን ገለጥኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ጭቃ የሞላበትን ማሳ ማን ይነካዋል ብዬ ነው? በደቦ መካከል ተወልጄ፣ በደቦ መካከል አድጌ፣ እንዴት ይህ አልመጣልኝም? እስከ ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ።

ጎርፉ ነሐሴ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት መጣ። አባቴ የደወለልኝ ግን ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ድምፁ የደስታ ነበር።

"ጎርፍ መጥቶ ነበር፤ አሁን ግን አልቋል" አለኝ።

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"ሁሉም ነዋ። ሰው መጥቶ ደለሉን ዝቆ፣ ቆሻሻውን ለቅሞ፣ መልሶ ተክሎልኝ ሄደ። ችግኙን እማማ ከራሳቸው መደብ ነቅለው ሰጡኝ። አንቺ አታስቢ።"

እማማ የላይኛው ማሳ ባለቤት ናቸው፤ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ። ጎርፍ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ አካፋ ይዘው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። እኛ ሰፈር ማሳው የጠፋበት ሰው ጎረቤት አይጠራም፤ ጎረቤት ራሱ ይመጣል። የተጎዳው ሰው ሥራ ምሳ ማብላት ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባል የለ? እኔ ግን ስልኩን ይዤ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ውል አምስተኛ ገጽ ታየኝ። አባቴን፣ "ጎበዝ" አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

በማግስቱ ለኩባንያው ብደውልም ገማቹ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ በመስመር የተተከለውን አረንጓዴ ጎመን አየ፤ ቀና ብሎም አባቴን አየው።

"አባባ፣ ጎርፉ የቱ ጋ ነው?"

አባቴ ባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ከወገብ በላይ የደረሰውን የጭቃ መስመር፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል አሳየው። ገማቹ ዛፍ ኢንሹራንስ አልገባም አለ። ቀልዱ አላሳቀኝም። ፎቶ አላችሁ ወይ ሲል አንድ ጎረቤት ያነሳውን አገኘንለት። ፎቶው ላይ ሰላሳ የሚሆን ሰው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ አካፋውን ተደግፎ እየሳቀ ይታያል። ማሳው ከሰዉ ብዛት አይታይም።

"ይሄ የሚያሳየው ሰው ነው" አለ ገማቹ። "እኔ የምፈልገው ጉዳት ነው።"

በአፉ አዘነ፤ በታብሌቱ ላይ ግን "ጉዳት አልታየም" ብሎ ሞላ። መጮኽ አማረኝ። ግን በማን ላይ ልጩኽ? ሰውየው ያላየውን አየሁ ብሎ አይጽፍ። አባቴ ደግሞ ሄዶ በቆሎ እሸት ጠብሶ አመጣለት፤ እንግዳ ነው ብሎ። እሱን ሳይ የባሰ ተናደድኩ።

መናደዴ አላለቀም። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ሁሉ ጎመን ሥሩ በስብሶ ተኛ። ደወልኩ። በጣም ትሑት የሆነች ልጅ አነሳችና መበስበስ በሽታ ነው፣ በሽታ ውሉ ውስጥ የለም አለችኝ። በሽታውን ያመጣው ጎርፉ ነው ስላት ጎርፍ እንዳልነበረ መዝገባችን ላይ ተጽፏል አለችኝ። መዝገብ ምን እንደሆነ ለእኔ ትነግረኛለች።

አንዱ ክረምት ጠፋ። አባቴ ወንድሙን ስለ ጥበቃ ሥራ መጠያየቅ ጀመረ። ለመንኩት፤ አንድ ዓመት ብቻ፣ በሚቀጥለው በሥርዓቱ እናደርገዋለን አልኩት። ሥርዓቱን አስጠናሁት። ጎርፍ ሲመጣ ለእኔ መደወል፤ ገማቹ እስኪመጣ ማንንም አለማስነካት። "ማንንም?" አለኝ። "ማንንም" አልኩት። እንደ ተማሪ ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ እንደገና መጣ፤ አባቴም እንደገባው ቃል ወዲያው ደወለ። ኩባንያው ጋ ደውዬ ሚኒባስ ተጋፍቼ ስደርስ ጎረቤቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ማሳው ዳር ቆመዋል። አባቴ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶባቸዋል።

"እማማ፣ ዛሬ አትግቡ" ይላል። "ሰው እስኪመጣ አይነካም ተብሏል።"

"እኛስ ሰው አይደለንም?" አሉ እማማ።

"እሱማ ናችሁ። ግን ኢንሹራንሱ..."

"ምን አደረግንህ?"

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ለማወቅ ፈልገው ነው። አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ውል፣ ገማች፣ ካሳ እያልኩ ቀባጠርኩ። ሰዉ በትዕግሥት ሰማኝና አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ተበተነ። እማማ በፕላስቲክ ገንዳ የያዙትን ችግኝ መልሰው ይዘው ሄዱ።

አባቴ አራት ቀን ማሳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጭቃውን ጠበቀ። ከሌባ አይደለም። በጎ ሊያደርግለት ከሚችል ሰው ነው የጠበቀው። ምሳ ሳደርስለት አይበላም ነበር።

ገማቹ በአራተኛው ቀን መጣ። ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ "እንዲህ ነው የሚፈለገው" ብሎ አባቴን አመሰገነው። ካሳውም ሳይጓደል ተከፈለ። የምፈልገው ይህ አልነበረም? አባቴ ፋብሪካ በር ላይ አልቆመም። በገንዘቡ ጥሩ ችግኝ ገዛን፤ ቅዳሜ ለመትከል ሄድኩ። ደለሉ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አባቴ ብቻውን ከአንድ ጥግ መቆፈር ጀምሯል። ከእማማ ማሳ የብዙ ሰው ድምፅና ሳቅ ይሰማል፤ የእሳቸውን ካሮት እየኮተኮቱላቸው ነው። እኛን የጠራን የለም።

"አባዬ፣ ይህን ሁለታችን አንችለውም" አልኩት። "ለምን ሄጄ ሰው አልጠራም?"

ዶማውን ተደግፎ ላቡን ጠረገ።

"በየትኛው አፍሽ?" አለኝ።