አሰላ የደረሰችው መርከብ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። የላከልኝ ከዓመታት በፊት እዚሁ አሰላ ፊዚክስ ያስተማርኩት፣ አሁን በጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስ ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው። የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ ከኋላው ሰማይ ጠቀስ ነጭ ቧንቧ ቆሞ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ያስተማሩኝ ይኸውልዎት፤ እየተሽከረከረ መርከቡን ይገፋል፣ ነዳጅ ይቆጥብልናል» ብሎ ጽፏል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፖስታ ሽታ፣ ያ የቴምብር ሙጫ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው።

አባባ የአሰላ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቴሌግራምም የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ለሁለት ዓመት ተብለው ተዛውረው መጥተው ጡረታቸውንም ቀብራቸውንም እዚሁ አደረጉት። ከናዝሬት በአውቶቡስ የመጣውን የፖስታ ከረጢት ፈትተው፣ ደብዳቤውን በየሣጥኑ ደልድለው፣ ማኅተሙን ጧ ጧ እያደረጉ ሲመቱ የሚያይ ሰው አገሪቱ ያለ እሳቸው የማትቆም ይመስለው ነበር፤ ለእሳቸውም ሳይመስላቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ ሰዎች ከጣሏቸው ፖስታዎች ላይ ቴምብሩን ከነወረቀቱ እየቀደድኩ፣ ማታ ማታ በእናቴ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እየነከርኩ፣ ሙጫው ሲለቅ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ እያሰጣሁ የምሰበስብ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሳህኗን ስታጣ የት እንዳለ ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ አልጋዬ ሥር ነበር የምትሄደው።

አንድ ቀን ከከተማችን አጠገብ ባለው የገብስ ምርምር ጣቢያ የሚሠሩት የፈረንጅ ባለሙያ ሚስት የያዙትን ፖስታ እዚያው መስኮቱ ላይ ከፍተው፣ ደብዳቤውን ወስደው፣ ባዶውን ለእኔ ሰጡኝ። ቴምብሩ ላይ መርከብ ነበረች። ሸራ የላትም፣ ጭስም አይወጣትም፤ መሐል ወገቧ ላይ ግን ሁለት ወፋፍራም ረጃጅም ቧንቧዎች ተገትረዋል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ወደ ደረቴ ሳስጠጋው አባባ ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ፊታቸው ተለወጠ። ደብዳቤው የተነሣበት አገር ፖስታ ቤት ቴምብሩን ሳይመታው አልፏል። ያልተመታ ቴምብር በአባባ ዓይን እንደገና ሊለጠፍ የሚችል፣ ማለትም መንግሥትን ሊሰርቅ የተዘጋጀ ቴምብር ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ማኅተሙ ጧ አለ። ከመርከቧ ሆድ በታች፣ ባሕሩ ላይ፣ «አሰላ» የሚል ጥቁር ክብ ታተመ። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። አባባ የማለቅሰው ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ሲያድር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘልኝ፤ ሰማዩ ሲጠራ ከላይ ሰፈር ቁልቁል ከምናያት ከዝዋይ ሐይቅ ሌላ ውሃ የማያውቅ ከተማችን መርከብ ገብቶበታል፣ ማስረጃውም ማኅተሙ ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስናዟዙረው ጓደኞቼ ሁሉ በአንድ ቃል ቧንቧዎቹ ጎተራ ናቸው አሉ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ክብና ረጅም ነገር ሲያዩ ገብስ ካልተቀመጠበት አይዋጥላቸውም። የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሽ ሁሴን ግን ቴምብሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ የዕለቱን ትምህርት ትተው የመርከቧን ታሪክ ነገሩን። የዲክሲስ ገብስ ገበሬ ልጅ ናቸው፣ የሚያነቡት መጽሐፍ ሲያልቅባቸው ያንኑ ደግመው የሚያነቡ ሰው። መርከቧ የጀርመን ናት አሉ፤ አንድ መሐንዲስ የሸራ ምሰሶዎቿን ነቅሎ በምትካቸው እነዚህን ቧንቧዎች ለሙከራ ተከለባት፣ በትንሽ ሞተርም አሽከረከራቸው። የሚሽከረከር ቧንቧ ከጎን የመጣውን ነፋስ በአንድ በኩል ያፈጥነዋል፣ በሌላው በኩል ይገታዋል፤ በዚያ ልዩነት መርከቧ ወደፊት ትገፋለች። የወደብ ሰዎች ስቀውባት ነበር፤ እሷ ግን ታላቁን ውቅያኖስ አቋርጣ አሜሪካ ገባች። ከዚያ ምን ሆነች ብለን ስንጠይቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነዳጅ ርካሽ ስለነበር ማንም እንዳልፈለጋት፣ ቧንቧዎቿ ተነቅለው እንደማንኛዋም መርከብ ዕቃ ስታመላልስ በማዕበል እንደሰመጠች ነገሩን። ክፍሉ ዘመድ የሞተበት መሰለ።

ይህን ታሪክ ቤት ሄጄ ሳወራ አባባ የያዙትን ጉርሻ አስቀመጡት። በርሜል ነፋስ ይዞ መርከብ ይነዳል ብሎ ለልጆች የሚያወራ ሰው አስተማሪ አይባልም አሉ። የከፋው ግን የቀጠለው ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ናዝሬት አክስቴ ዘንድ ሄጄ ታይፕ እንድማር ቀድሞም ከእህታቸው ጋር ተጻጽፈዋል፤ አሁን ልባቸው ቆረጠ። በወላጆች ቀን ትምህርት ቤት መጥተው መሸኛዬን ሊያወጡ ነው። እኔ ደግሞ ጋሽ ሁሴን የሚያውቁትን ሁሉ ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም ነበር። ማልቀስ እንደማይረዳኝ ከቴምብሩ ተምሬያለሁ። ስለዚህ መርከቧን ልሠራት ወሰንኩ።

አካሏን ከባሕር ዛፍ ግንድ ጠረብኩ፣ ከሆዷ በታች ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ቆርቆሮ ቀረቀርኩላት። ለሁለት ቧንቧ አቅም ስላልነበረኝ አንድ አደረግሁት፤ እሱንም ፖስታ ቤት ከተጣለ የጥቅል ወረቀት ጠቅልዬ በሙጫ አጠነከርኩት። ሬዲዮ ጠጋኙ ከሞተ ቴፕ ላይ ሞተር ፈትቶ ሰጠኝ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይዞራል። ጋሽ ሁሴን አንዲት ነገር አልነኩልኝም። ቆመው ያያሉ፣ ስሳሳት እህ ብለው ይስላሉ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። በግቢው የአትክልት ማጠጫ ገንዳ ዙሪያ ከሥራ የመጡ ባለ ኮቶች፣ ነጋዴዎች፣ ከገጠር በጋሪ የመጡ ወላጆች ተኮልኩለዋል። አባባ ክራቫታቸውን አጥብቀው ከፊት ቆመዋል፣ የመሸኛው ማመልከቻ በደረት ኪሳቸው ይታየኛል። ሞተሩን አስነሳሁት፣ ቧንቧው እዝዝ እያለ ይሽከረከራል፣ መርከቧ ግን ንቅንቅ አላለችም። ነፋስ የለም! ያ በበጋ ቆርቆሮ የሚገነጥል የጭላሎ ተራራ ነፋስ በዚያች ከሰዓት የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው መሳቅ ጀመረ፣ ባትሪ ድንጋዩ እያለቀ ነው፣ የአባባ እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ።

ያኔ የጋሽ ሁሴን እናት፣ አዴ ሞሚና፣ ከኋላ ሰው ገፋ ገፋ አድርገው ወጡ። ልጃቸውን ሊያዩ ከዲክሲስ የመጡ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ የሚናገሩ አሮጊት ናቸው።

«ቡቤ ጠፋ ብሎ ገብስ አውድማ ላይ ይቀራል እንዴ?» አሉ። ቡቤ የሚሉት ነፋሱን ነው።

ጋቢያቸውን አውልቀው አንዱን ጫፍ ለአንዲት እናት አስያዙ፣ ሌላውን ራሳቸው ያዙ፤ አውድማ ላይ ነፋስ ሲያጡ ገለባውን እንደሚያበርሩት ከገንዳው ጎን ቆመው ያርገበግቡት ጀመር። ሌሎችም የገበሬ ሚስቶች ሳይጠሩ ነጠላቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሰው ሁሉ መርከቧ ነፋሱ ወደሚሄድበት፣ ወደ ማዶው ጠርዝ የምትገፋ መስሎት ነበር። እሷ ግን ትንሽ ተንገዳግዳ፣ አፍንጫዋን አቅንታ፣ ነፋሱን በጎኗ እየተቀበለች በገንዳው ርዝመት ቀጥ ብላ ሄደች። ሄደች! ከዳር እስከ ዳር፣ ሲሚንቶውን እስክትገጭ። ጭብጨባው ሲቀልጥ አዴ ሞሚና ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

አባባ ቤታችን እስክንደርስ መርከቧን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገብኩ፣ ቀጠልኩ፣ ተመርቄ ተመለስኩ፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ አስተማርኩ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ከአፋቸው ሳልሰማ ሞቱ።

ለሐዘን ከናዝሬት የመጣችው አክስቴ ከቦርሳዋ ያረጀ ቴሌግራም አውጥታ፣ ይሄ ወንድሜ ያኔ የምን መርከብ ገዝቶ ነበር ብላ የጠየቀችኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ተቀብዬ አነበብኩት። «ልጅቱ አትመጣም ትምህርቷን ትቀጥላለች መርከቧ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል።

ዛሬ ጋሽ ሁሴንም አዴ ሞሚናም የሉም። ገንዳው ፈርሷል፣ ቴሌግራም የሚልክ ሰው ቀርቷል፣ ደብዳቤ የሚጠብቅም እንዲሁ። ተማሪዬ ውቅያኖስ ላይ ቧንቧ ሥር ቆሞ ሲስቅ የሚያሳየውን ፎቶ አባባ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ምናልባት ምንም። ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ክፍያው በቃል ቁጥር ስለሆነ ቴሌግራም የሚያጽፋቸው ሰው ሁሉ በእስክሪብቷቸው ሥር ያልፋል፤ «ውድ» ይሰረዛል፣ «እንደምን ሰነበትክ» ይሰረዛል፣ ባልና ሚስት ሲነፋፈቁ እንኳ ሦስት ቃል ይበቃል ይሉ ነበር። የሌላ ሰው ቴሌግራም ቢሆን ኖሮ አባባ «በዓይኔ» የምትለዋን ቃል ይሰርዟት ነበር።