ለአይሱዙ ለቅሶ የደረሰችው ወኪል

እስከዳር የደመወዝ ሥራዋን ትታ፣ የአንገት ወርቋን ሸጣ፣ ፒያሳ ካለ አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የመድን ወኪል ቢሮ ስትከፍት አገሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። "ምነው፣ ወርቁ አንገትሽን ከበደሽ?" አሏት አክስቷ። ቢሮዋ ሁለት ወንበር ከያዘ በሩ አይዘጋም። ደግነቱ በሁለተኛው ወንበር የሚቀመጥ ደንበኛ አልነበረም።

ንግዱ አንድ ትንሽ ችግር ነበረበት፤ ክፉ ሳያነሱ አይሸጥም። "መኪናዎ ቢገለበጥስ?" ብላ ስትጀምር ሹፌሩ ያማትባል። "ሱቅዎ ቢቃጠልስ?" ስትል ባለሱቁ "ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂልኝ!" ይላል። መስታወቱ ላይ የመልአክ ሥዕል የለጠፈ ሁሉ ከመልአኩ ዘንድ ሙሉ ሽፋን ገብቶ ጨርሷል። እሷ ዘንድ የሚመጡት ትራፊክ እንዳይቀጣቸው ግዴታ የሆነባቸውን ሦስተኛ ወገን የሚገቡ ባለባጃጆች ብቻ ነበሩ። ከዚያ የምታገኘው ኮሚሽን ለኪራይ እንኳ አይደርስም። ኩባንያውም እስከ ሰኔ መጨረሻ የራስን መኪና ጉዳት ጭምር የሚክሰውን ሙሉ ሽፋን የሚገቡ ደንበኞች ካላመጣች ውሏን እንደማያድስ እጅግ በሚያምር ቋንቋ ነግሯታል።

የደረሱላት ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ትክል ድንጋይ የመጡት ባለአይሱዙ አያ አለነ ናቸው። ከአክስቷ ጋር አበልጅ ስለሆኑ እምቢ ማለት ከበዳቸውና ሙሉ ሽፋን ገቡ፤ የጭነት መኪና ያላቸውን አራት ወዳጆቻቸውንም ይዘው መጡ።

"ሸጋ ነው" አሉ ከፍለው ሲነሡ፤ "እድሩ ስብሰባ የሚቀመጠው መቼ መቼ ነው?"

እስከዳር ሳቀች። "እድር አይደለም አያ አለነ፤ ኢንሹራንስ ነው።"

"እሱኑ እኮ ነው የምልሽ" አሉ።

እዚህ ላይ መሳቁን ትታ መጠየቅ ነበረባት። ምን ያደርጋል፣ የተማረች ናት!

ግንቦት ላይ የአያ አለነ አይሱዙ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባ። ሹፌሩ ዘሎ ተረፈ። እስከዳር ሁሉን እንደ ሕጉ አደረገች፤ የፖሊስ ሪፖርት አስመጣች፣ ፎቶ አስነሣች፣ ካሳው እንዲፋጠን ኩባንያውን ወጥራ ያዘች። ከዚያ ቢሮዋ ተቀምጣ ምስጋና ስትጠብቅ ከአራቱ ወዳጆቻቸው አንዱ፣ እንግዳው የሚባለው፣ ደወለ።

"አያ አለነ አዝነውብሻል። አገር ምድሩ ሲያጽናናቸው ሲሰነብት የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኛም ልንወጣ ነው።"

"ምነው? ካሳው እኮ እየተሠራ ነው!"

"ካሳውን ማን ጠየቀሽ? ለቅሶ የማይደርስ እድር ምን ይሠራልናል?"

አምስቱ ከወጡ ቢሮው ተዘጋ ማለት ነው። በማግሥቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ባለባጃጆቿን ለምና ሰብስባ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዛ ትክል ድንጋይ ሄደች። አያ አለነ ግቢያቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። "እንኳን ነፍስ ተረፈ" ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። ለአይሱዙው አይደለም፤ ለብረት ማን ያለቅሳል! ያቺ ደረጃ ሥር ያለች ቢሮዋ ልትሞትባት መሆኑን አስባ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ባለባጃጆቹ ግራ ቢገባቸው አብረው አለቀሱ። አያ አለነ ተነሥተው ትከሻዋን ያዙ።

"በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ። ብረት እኮ ይተካል!"

ለወራት ስትለፈልፈው ሰሚ ያጣችበትን ነገር ለእሷው ማጽናኛ አደረጉት።

ካሳው ከሳምንታት በኋላ ተከፈለ፤ ማንም አላወራለትም። የተወራው ለቅሶው ነው። ሰኔ ሳያልቅ ከአርማጭሆ እስከ ደባርቅ የጭነት መኪና ያለው ሁሉ ደረጃው ሥር ተሰለፈ። ኩባንያው ውሏን አደሰ፤ "ደንበኛ ተኮር አገልግሎት" የሚል የምስክር ወረቀትም ሸለማት።

ከመጡት አንዷ ዓይናዲስ የምትባል ባለሚኒባስ ናት። ውሉን አላነበበችም።

"የእኔ ቢገለበጥ ስንት ሰው ይዘሽ ትመጫለሽ?"

"ሁለት ሚኒባስ ሙሉ" አለች እስከዳር።

ዓይናዲስ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች።

"እንዲያ ከሆነስ ቢገለበጥም አይቆጨኝ።"